ከባሕር ዳር የምትመጣው ክርስትና እናት

«ሸኖ ደርሳለች» አለ አወቀ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ። «አየሽ? ጠዋት ባሕር ዳር ነበረች።»

ሚስቱ ይታይሽ የሰማንያ ቀን ልጇን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ሞላሌ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ አምስት ሰዓት አልፏል። ረቡዕ ነውና ቅዳሴው የሚገባው ስድስት ሰዓት ነው፤ ክርስትናው ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ልጅቷ ስለምትቆርብ ከንጋት ጀምሮ ጡት አልቀመሰችም። ማልቀስ አድክሟት አሁን ታቃስታለች። የእናቷ ጡት አግቶ ቀሚሷን አርሶታል።

ክርስትና እናት የመረጠው አወቀ ነው፤ ባሕር ዳር ትልቅ መጋዘን ያለው ነጋዴ ሚስት። እነሱን አበልጅ ካደረገ ሞላሌ ያለችው ሱቁ በዕቃ ሞልታ የምትጠብ መስሎታል። መንገዱንም ከስልኩ ላይ አየ፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ በአየር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ለጎረቤት ሲያወራ ከረመ። አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ላይ እንደሚቀር ትዝ ያለው አይመስልም።

ይታይሽ ግን የዚህን አገር መንገድ ታውቀዋለች። ምጥ ጸንቶባት ከሞላሌ ደብረ ብርሃን ስትወርድ ጉድጓዱን ሁሉ በወገቧ ቆጥራዋለች። አወቀ ያኔ ከነጋዴው ጋር ባሕር ዳር ነበር። መኪናው ውስጥ አቅፋት የሄደችው ሸክላ ሠሪዋ ጌታነሽ ናት። የሰፈሩ ሰው ጌታነሽን እንስራዋን ይገዛታል እንጂ ከቤቷ ውሃ አይቀምስም፤ ዓይኗን ይፈራል። ዛሬም ለክርስትናው ከመጡት ሴቶች ራቅ ብላ ቅጥሩ ሥር ቆማለች።

ቄስ አትናቴዎስ ብቅ አሉ። «ውሃው ተባርኳል። ክርስትና እናቷ የት ናት?»

አወቀ ትንሽ እንዲታገሱት ለመናቸው። ቅዳሴ ሰው አይጠብቅም አሉት። ይሄን ጊዜ ወደ ሚስቱ ዞረና ጡት አጥቢያት፣ ለሌላ ቀን እናድርገው አላት።

 ልጅቷ በተወለደች በአሥረኛው ቀን ትንፋሿ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳትጠመቅ ትሞትብኛለች እያለች ስትሰጋ የኖረችው ይታይሽ እንጂ አወቀ አይደለም።

«ልጄን አበልጅ መግዣ አላደርጋትም» አለች። ሴቶቹ ወደ እሷ ዞሩ። «ሴትዮዋ ገና ደብረ ብርሃንም አልገባችም። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ታዲያ ማን ክርስትና ያንሳት?» አለ አወቀ።

ይታይሽ ሴቶቹን አልፋ ጌታነሽ ፊት ቆመች። «እትዬ ጌታነሽ፣ ልጄን አንሺልኝ።»

ጌታነሽ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እኔን? ተይ ልጄ፣ ሰው ያወራብሻል።»

«ምጥ ይዞኝ ስታቅፊኝ ማን አወራ?»

አወቀ ደርሶ የሚስቱን ክንድ ጨበጠ። «አብደሻል? ይቺን አበልጅ አድርገሽ ከሰው ልታቆራርጪኝ ነው?»

ክንዷን መነጨቀችው። ልጅቷን ጌታነሽ እቅፍ ውስጥ አስገብታ በእነሱና በባሏ መካከል ቆመች።

«አባ» አለች፣ ቄሱን እያየች፣ «ክርስትና እናቷ መጥታለች።»