ቶሎ የሚመልስ ሰው

«ማውስ? ማውስ ምን ያደርግልሻል?» አለ ጺማሙ ፕሮግራመር፣ እጇን በክርኑ ከጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጎ። «ኢሜይል በማውስ የሚያነብ ሰው ሾርባ በሹካ እንደሚጠጣ ሰው ነው።»

እጇን ሰበሰበች። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የደረቀ ለስላሳ መጠጥ ጣቶቿን አጣብቋቸው ኖሮ ሲላቀቁ ጠጭ አሉ። ቀሚሷ ላይ ጠረገቻቸው። ጺማሙ ጫማውን አውልቆ ነው የተቀመጠው። የክፍሉ መስኮት ደግሞ አይከፈትም፤ «ማሽኖቹ አቧራ አይወዱም» ይባላል። ማሽኖቹ ላልወደዱት ሁሉ ሰዎቹ በአፍንጫቸው ይከፍላሉ።

«ይኸውልሽ» አለ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደሎች ተርመሰመሱ። «ሥዕል የለም፣ ጌጥ የለም። ሥዕል ያለበት ደብዳቤ ከመጣ አልከፍትም። የሚለው ነገር ያለው ሰው በፊደል ይጻፈው። ይኼን ፕሮግራም ለእጄ እስካስማማው ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ገና መቼ አለቀና!» አለ በኩራት።

እሷ የድርጅቱ መመሪያ ጸሐፊ ናት። ደንበኞች የገዙትን ፕሮግራም እንዴት እንደሚጠቀሙበት ደረጃ በደረጃ ታስረዳለች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ባጭሩ «ጸሐፊዋ» ስለሚሏት አዲስ የገባ ሁሉ ፎቶ ኮፒ አንሺልኝ እያለ ወረቀት ያሸክማታል። በዚህ ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ፕሮግራመሮቻችን ኢሜይላቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ጻፊ፤ ሰው የሊቃውንትን ጓዳ ማየት ይወዳል» ብሏት ነበር። ጓዳው ይኸው ነው።

ከጺማሙ በፊት ያነጋገረችው ቀለሜ የሚሉትን ነበር። ቀለሜ የተባለው ትምህርት ስለሚወድ ሳይሆን ኢሜይሉን ሁሉ ቀለም ስለሚቀባ ነው። የአለቃ ቀይ፣ የደንበኛ ቢጫ፣ የእጮኛው ወይን ጠጅ። በአንድ ዓመት አራት ፕሮግራም ቀይሯል፤ በቀየረ ቁጥር የድሮ መልእክቶቹን ወደ አዲሱ ሲያጓጉዝ ሳምንት ያልፋል፤ ያን ሳምንት ለማንም አይመልስም። ስለ ጺማሙ ጥቁር ስክሪን ስትጠይቀው ፊቱን የበሰበሰ እንቁላል እንዳሸተተ ሰው አጨማደደ። ጺማሙም ስለ ቀለሜ ስትነግረው ያንኑ አደረገ። የሚገርመው አንዳቸውም ማን ምን ጽፎላቸው እንደነበር አላነሡም። የሚያወሩት ስለ ሳጥኑ እንጂ ስለ ደብዳቤው አልነበረም።

«አንቺስ በምን ታነቢያለሽ?» ብሎ ጠየቃት ጺማሙ ልትነሣ ስትል።

«ከኮምፒውተሩ ጋር በመጣው።»

ለበሽተኛ እንዳዘነ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «እግዚአብሔር ይማርሽ» አላት።

ሦስተኛው ሊቁ የሚሉት ነበር። ወደ እሱ ስትሄድ ደረቷ ቀለል አላት። ሊቁ ሸሚዙ የታጠበ፣ ጠረጴዛው የተጠረገ፣ ሰው ሲመጣበት ብድግ የሚል ነው። ከሁሉ በላይ ለማንም ይመልሳል። ጥበቃው ስለ መኪና ማቆሚያ ቢጽፍለት ይመልሳል፤ እሷ ስለ አንዲት ቃል ብትጠይቀው ይመልሳል። «ሊቁ ሰው አይንቅም» ይሉታል።

አምና አባቷ ሲሞቱ፣ «አባቴ ስላረፈ ይህን ሳምንት አልገባም» ብላ ለሁሉም ላከች። አብዛኞቹ «ነፍስ ይማር» ብለው አለፉ። ሊቁ ግን እንዲህ ጻፈላት፦ «እህቴ፣ መልእክትሽን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ምን እንደምልሽ አላውቅም። አባትሽ አልሄዱም፤ በአንቺ ውስጥ አሉ። እግዚአብሔር ያጽንሽ።» መጨረሻው ላይ «ያጽናሽ» ማለቱ ነበር፤ ፊደል ስቶበት ነው። ለእናቷ ስታነብላት እናቷ ስልኩን ወስዳ ዐይኗ ድረስ አስጠጋችው። «እውነትም እጁ ተንቀጥቅጧል፤ ፊደሉ ተሳስቶበታል እኮ! ወልዶ ያሳደገው ይባረክ» አለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ሲላት «እስቲ የዚያን ልጅ አንብቢልኝ» ትላለች።

«ነይ ነይ፣ ተቀመጪ» አለ ሊቁ ወንበር እየሳበላት። «ፕሮግራሙን ራሱን እንደ ወረደ ማንም ያገኘዋል። ቁም ነገሩ እኔ የጨመርኩበት ነው። ለማንም አሳይቼ አላውቅም፤ ዛሬ ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት፤ አሁን ለአንቺ።»

«ታድያ ዕድለኛ ነኛ» አለች ማስታወሻዋን እያወጣች።

«ሰው ሲጽፍልኝ ፕሮግራሙ ደረጃ ይሰጠዋል። አንደኛ፣ ደመወዜን የሚወስኑና ሌላ ቦታ ሊቀጥሩኝ የሚችሉ። እነሱን ራሴ አነባለሁ። ሁለተኛ፣ አብረውኝ የሚሠሩ፤ ዓርብ ዓርብ አያቸዋለሁ። ሦስተኛ…» ፈገግ አለ፣ «ሌላው ሕዝብ።»

«ሌላውን ሕዝብስ መቼ ታየዋለህ?»

«አላየውም። ፕሮግራሙ ይመልስለታል።»

«ግን እኮ ለሁሉም ትመልሳለህ ነው የሚባለው።»

«እሱን ነው የምልሽ! ወዲያው ከመለሰ ይነቃበታል፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። እህቴ፣ ወንድሜ፣ እናቴ ማለት ያውቃል። ደግሞ ስሕተት ከሌለበት ሰው አይመስልም፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ፊደል ያስታል። ይቺን ለማሰብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

እየጻፈች ነበር። እጇ «ፊደል ያስታል» ብሎ ጻፈ፤ ልቧ ግን ገና አልደረሰበትም።

«አንድ ጊዜ ምን ሆነ መሰለሽ» አለ ሊቁ ሳቁ እየቀደመው። «አንድ ደንበኛ ዋናው ኮምፒውተራቸው ተበላሽቶ ‹ሰርቨራችን ትናንት ሞተ› ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ሞተ የሚለውን አየና ምን ብሎ ቢመልስለት ጥሩ ነው? ‹ወንድሜ፣ ሰርቨራችሁ አልሄደም፤ በአንተ ውስጥ አለ!›»

ሳቀች። ከሆዷ ሳቀች። ለሞተ ሰርቨር የሚያለቅስ ደንበኛ ታያትና ማስታወሻዋ ከጭኗ ወደቀ። ልታነሣው ጎንበስ እንዳለች «ፊደል ያስታል» ብላ የጻፈችው ዐይኗ ውስጥ ገባ።

ቀና ስትል ሊቁ የመልሶቹን ዝርዝር ከፍቶላት ነበር። «ሞተ፣ አረፈ፣ ቀብር» ከሚሉት ቃላት ትይዩ ጽሑፉ ተቀምጧል። «መልእክትሽን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ» ይላል። «አባትሽ» የነበረበት ቦታ ባዶ መስመር ነው።

«እኔ ስንተኛ ደረጃ ነኝ?» አለች።

«ኧረ አንቺማ…» ወደ ስክሪኑ ዞረና የስሞቹን ዝርዝር ከፈተ። ሦስተኛው ደረጃ ስር ስሟን አየችው። ሁለት መስመር ከፍ ብሎ፣ እዚያው ሦስተኛው ደረጃ ውስጥ፣ የሥራ አስኪያጁም ስም አለ።

«አምና ለኔ የጻፍክልኝም ይኼ ነው?»

«ምን ጻፍኩልሽ?»

«አባቴ የሞተ ጊዜ።»

ሊቁ ዘወር ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ያለው መገረም እውነተኛ ነበር፤ ምናልባት በዚያ ቀን ያየችው ብቸኛው እውነተኛ ነገር።

«አባትሽ ሞተዋል እንዴ?»

አፏን ምራቅ ሞላው፤ ትውከት ሲቀድም እንደሚመጣው ያለ ቀጭን ምራቅ። ሌላ ሰው አኝኮ የተፋውን ጣፍጧት ነበር የዋጠችው። እሷ ብቻ ብትሆን። እናቷንም አጉርሳታለች፤ ዓመት ሙሉ።

«ነፍስ ይማር» አለ ሊቁ፤ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፦ «ቆይ ግን፣ በቅን ልብ ልጠይቅሽ። አጽናንቶሻል ወይስ አላጽናናሽም?»

«አጽናንቶኛል።»

«ታድያ!» አለ ሁለት እጁን ዘርግቶ። «እኔ ብጽፍ እንዲህ አላሳምረውም ነበር። ሐዘን ላይ ቃል አይመጣልኝም፤ እውነቴን ነው።»

ማስታወሻዋን ዘጋች። ያናደዳት ነገሩ ልክ መሆኑ ነበር።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ሥራ አስኪያጁ ገባ፤ ሽቶው ቀድሞት። «አሳየሽ? አየሽ አይደል?» አለ መዳፉን እያፋተገ። «ይኼ እኮ ለአንድ ጽሑፍ ብቻ አይሆንም፤ ይሸጣል! ስንቱ ባለሥልጣን፣ ስንቱ ነጋዴ ሰው አስቀየምኩ እያለ ይጨነቃል። ሊቁ፣ መቼም እኔ አንደኛ ደረጃ ነኝ፣ አይደል?»

«ምን ጥርጥር አለው!» አለ ሊቁ፣ ዝርዝሩን እየዘጋ።

ሥራ አስኪያጁ ተደሰተ። እሷም ስሙን የት እንዳየችው አልነገረችውም።

«እንግዲህ መልሶቹ ትንሽ ይደርቃሉ» ቀጠለ ሥራ አስኪያጁ። «ፕሮግራመር ቃል አያውቅም። እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ቃል አታጪም። ለሐዘን፣ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለታመመ፣ ለተፈታ… አሥር አሥር ብትጽፊልን? ልብ የሚነካ። ለአንቺ ውኃ መጠጣት ነው። ምርቱ ሲወጣ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ፤ ከዚህ ጸሐፊዋ ከሚሉሽም ትገላገያለሽ።»

«ላስብበት» አለች።

«ምን ይታሰባል? እስከ ማታ ሦስቱን ላኪልኝ፤ ለናሙና።»

ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። እምቢ ብላ ልትጽፍለት ባዶ ገጽ ከፈተች። እጇ ግን «ለታመመ» ብሎ ጀመረ። ሥራው አስጠሊታ መሆኑን እያወቀች ቃሉ መጣላት፤ እንዲያውም እንደ ቦይ ወረደላት። አባቷ ሆስፒታል ተኝተው ብርድ ልብሱን በእግራቸው ገፍተው ገፍተው ሲጥሉት፣ እሷ ስታነሣ፣ እሳቸው ሲጥሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን መግፋት ሲያቆሙ። ያንን ጻፈችው። ስትጨርስ «አባትሽ» ያለችበትን አጥፍታ በቦታው ባዶ መስመር አሰመረች።

መስመሩን አየችው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ አፏንም ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ተመልሳ ኮምፒውተሩን ዘጋችና ለማንም ሳትናገር ወጣች። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ በአውራ ጣቱ ይጽፋል። ማን ለማን እየጻፈ እንደሆነ ማመን አቃታት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የደረቀ ልብስ ታጥፋለች።

«ዛሬስ በጊዜ መጣሽ። ምነው ፊትሽ?»

«አውቶቡሱ ይሸታል።»

እናቷ ከልብሱ ቀና ብላ አየቻት፤ አልገፋችበትም። «ዛሬ ካለወትሮዬ አባትሽ ትዝ ሲለኝ ዋለ» አለች። «ያ ልጅ እንዴት ነው? ያ እጁ የተንቀጠቀጠው።»

«ደህና ነው።»

«ያኔ እንኳ አመስግነነዋል? ሰው እንዲህ ልቡን አውጥቶ ሲጽፍልሽ ዝም አይባልም። እስቲ አሁን ጻፊለት። እናቴ ትመርቅሃለች፣ አንተም የሚያጽናናህ ወገን አይጉደልብህ ብላሃለች በይልኝ።»

ስልኳን አወጣች። ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ጽፋ ትልካለች፤ መልእክቱ ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ይወድቃል፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና «እናቴ» የሚል መልስ ይመጣል፤ አንድ ፊደል የሳተ። እናቷም ስልኩን ዐይኗ ድረስ አስጠግታ ትስመዋለች። እውነቱን ብትነግራትስ? ከአባቷ ቀጥሎ ሌላ ቀብር ነው።

«አልጽፍም እማዬ» አለች።

«ለምን?»

«ራስሽ ንገሪው።»

የሊቁን ቁጥር ፈልጋ ደወለችና ስልኩን እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው። እናቷ ደነገጠች፤ ነጠላዋን ሳብ፣ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች፤ ሊቁ የሚያያት ይመስል።

«ሄሎ?» የሚል ድምፅ ከስልኩ በቀጭኑ ወጣ።

«ልጄ፣ እንደምን ዋልክ? የዚያች የመሥሪያ ቤታችሁ ጸሐፊ እናት ነኝ» አለች እናቷ፣ ጮክ ብላ። «ባለቤቴን የቀበርን ጊዜ የጻፍክልንን እኔ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ዓመት ሙሉ በሱ ነው የተኛሁት። ከእንግዲህ ያቺ እጅህ አትንቀጥቀጥብህ፣ የኔ ልጅ። እስቲ ንገረኝ፣ ባለቤቴን ታውቀው ነበር?»

ከወዲያ ማዶ ምንም አልተሰማ።

እናቷ ጠበቀች። ግንባሯ ተኮማተረ። ስልኩን በመዳፏ ሸፍና «ዝም አለ እኮ፤ ተቋረጠ መሰለኝ» አለች በሹክሹክታ። «እንቺ፣ አናግሪው።»

እሷም ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። መስመሩ ክፍት ነው። ጆሮዋን ስታቀርብ ትንፋሹ ይሰማታል፤ አንድ ቃል ይጀምርና ይተዋል፤ ሌላ ይጀምርና ይተዋል።

«አልተቋረጠም» አለች። «ጠብቂው።»

እናቷ ስልኩን አሁንም ዘረጋችላት። አልተቀበለቻትም።