ዳገት የለመደችው ዶቅዶቄ

አንሙት ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ፣ ከአንድ አርመን መካኒክ ዘንድ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ጋራዡ ተዘጋና ወደ አገሩ ወደ ጎጃም ተመለሰ። ሙያ ግን አያስደብቅም፤ ደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያኖቹ ወስደው ከካምፓቸው ጋራዥ አስገቡት። በዚህ ዓለም ወገኔ የሚላት አንዲት ታናሽ እህት ብቻ ነበረችው፤ ጤናዬ። እሷም ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ፣ ግራር አምባ ለሚኖር ባዘዘው ለተባለ ገበሬ ተድራ ልጅ ወልዳለች።

በካምፑ አንድ መቶ አለቃ ነበር። ይህ ሰው ዕድሜዋ የገፋ ሞተር ብስክሌት አለችው፤ ባላገሩ በድምፅዋ ዶቅዶቄ ይላታል። ሜዳ ላይ ማንም አይቀድማትም። ዳገት ሲገጥማት ግን ትጮኻለች፣ ታጓራለች፣ ቀጭኑ ሰንሰለትዋ ከጥርሱ ላይ ይዘላል፤ ከዚያ ቀጥ ትላለች።

አንድ ቀን መቶ አለቃው በአስተርጓሚ፣ «ደጀን ድረስ መልእክት አደርስባታለሁ። ዳገት እንድትወጣልኝ አድርግ» አለው።

አንሙት ከሌላ የተሰበረች ሞተር ወፍራም ሰንሰለት ፈታ። ወፍራሙ ከአሮጌው ጥርስ ጋር አይገጥምምና ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ሁለቱንም ጥርሳም ብረቶች መለወጥ ነበረበት። የፊተኛውን አሳነሰው። ለኋላ እግርዋ ደግሞ ከከባድ መኪና ብረት ቆርጦ ሰፋ ያለ፣ ጥርሱ የበዛ አዲስ ሠራላት፤ እያንዳንዱን ጥርስ በሞረድ አለሰለሰው። ፍጥነትዋ ይቀንሳል፣ ጉልበትዋ ይጨምራል።

ሲሞክሯት ከካምፑ ጀርባ ያለውን አቀበት እንደ ረጋ በሬ እያዘገመች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወጣችው። መቶ አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አንሙትም ደስ አለው። ኋላ አንጀቱን ሲበላው የኖረ ይህ ደስታ ነው።

ብዙም አልቆየ፣ ባንዶቹ ከብት እየነዱ ሲገቡ «ግራር አምባን አነደድናት» ሲሉ ሰማ። ሰበብ ፈጥሮ ከካምፑ ወጣና ወንዙን ተሻገረ። ጤናዬን ያገኛት ከተቃጠለው ቤቷ አጠገብ፣ በዳስ ውስጥ ለቅሶ ተቀምጣ ነው። ባዘዘው ተገድሎ ተቀብሯል።

«ሌላ ጊዜ እኮ ዶቅዶቄዋ ዳገታችን ሥር ስትደርስ ትጮኽ ነበር» አለችው። «ስትጮኽ ወንዶቹ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። ጣሊያኑ እየገፋ እስኪያወጣት ማን ይጠብቀዋል! ያን ዕለት ግን አልጮኸችም። ጉር፣ ጉር የሚል ነገር ሰማን። ባዘዘው በሬ እየጠመደ ነበር፤ ‹ወፍጮ ነው› አለኝ። ቀና ሲል ደጃችን ቆመዋል።»

አንሙት የራሱን እጅ ሥራ ዐወቀው። ቢደብቃት ማን ይነግራታል? ግን አልቻለም።

«እቴ፣ ዳገት ያስለመድኋት እኔ ነኝ» አላት። ስለ ሰንሰለቱም፣ ስለ ጥርሱም ሁሉንም ነገራት። «ለደጀን መንገድ መስሎኝ ነበር።»

ጤናዬ ተነሥታ ሄደች፤ ከዘረፋው ለተረፉት በሬዎች ጭድ ሰጥታ ተመለሰችና ምግብ አቀረበችለት። «ብላ፤ መንገድ መጥተሃል» አለችው። ሂድም አላለችው፣ ተቀመጥም አላለችው። ወደ ካምፑ ግን አልተመለሰም፤ የባዘዘውን ሞፈር ያዘ።

ከዚያ ወዲህ ሰንሰለቱ ተከተለው። ሴቶች እህል ሲፈጩ ይሰማዋል፤ ቀንበር ሲንቋቋ ይሰማዋል። ለማርያም ማኅሌት ቆሞ ሳለ ካህናቱ ጸናጽል ቢያንሿሹ፣ ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ሰማና ቅጥሩን ጥሶ ወጣ።

የደብሩ መሪጌታ አካለ ወልድ ተከትለውት ወጡ። «ልጄ፣ የዶቅዶቄዋን ድምፅ ከሁላችን ለይተህ የምታውቅ አንተ ነህ። እንግዲያው አንተ አድምጥልን» አሉት።

እንዲህ ሆኖ አንሙት የመንደሩ ጆሮ ሆነ። ከእርሻው መልስ ዳገቱ አፋፍ ላይ ይቀመጣል። አንዳንድ ቀን እውነትም መጣች፤ እሱ ሲጮኽ ሰው ሁሉ ሸሸ፤ መቶ አለቃው ባዶ መንደር አግኝቶ ተመለሰ። ብዙውን ቀን ግን አልመጣችም። አሮጊቶች እየተደናቀፉ፣ እናቶች ልጅ አዝለው ገደል ይወርዳሉ፤ የሚመጣ የለም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

«ይኼ ሰው ጆሮው ታሟል፤ እርስዎ ይምከሩት እንጂ» አሏቸው መሪጌታን።

«መጥታ ከምታገኘን ሳትመጣ ብንሸሽ ይሻለናል» አሉ እሳቸው።

ጣሊያን ከአገር የወጣ ጊዜ አንሙት ደብረ ማርቆስ ሄዶ በዓይኑ አያት። ከካምፑ አጥር ሥር ተጋድማለች፤ ጎማዋን ሰው ለበረባሶ ቆርጦ ወስዶታል፤ ዝገት በልቷታል። ጥርሱን በእጁ ዳሰሰው። ከእንግዲህ አበቃ ብሎ ተመለሰ።

በመጣው ክረምት ጤፍ ማሳ እያረሰ ሳለ በሬዎቹን አቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሰማሽ?» አላት ጤናዬን።

«አልሰማሁም» አለች። አየችው። ጉልጓሎዋን ትታ ተነሣች፤ ልጇን አዘለች፤ እጁን ያዘች። «ግን እንሂድ።»

ጎረቤቶች በየማሳቸው ቀና ብለው አዩአቸው፤ የሳቀ የለም። ወርደው ከገደሉ ሥር፣ ከቀጋው ጥላ ተቀመጡ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ «አለፈች?» አለችው።

«ገና ናት።»

ጤናዬ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስተኛችውና አብራው ጠበቀች።