ቀይ የተቀባው መደገፊያ

ከሰፈሩ ወደ ክር ፋብሪካው የሚያሻግረው ድልድይ ጣሊያን ለጭነት መኪና የሠራው ነበር። ከፍታው ቁልቁል ያየውን ሰው ያዞራል። ግራና ቀኙን የነበረው ብረት በየዘመኑ እየተነቀለ አልቋል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ከሥር እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ሰው በልቷል።

የፋብሪካው ሴቶች ግን የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ድልድዩ አፍ ላይ ተጠባብቀው ይሰለፋሉ። እትዬ አሰጋሽ ከፊት ትሆናለች፤ ከኋላዋ ያለችው የእሷን ነጠላ ጫፍ ትይዛለች፣ ቀጣይዋ ደግሞ የዚያችን። እንዲህ ተያይዘው መሐል መሐሉን፣ ቃል ሳይተነፍሱ ይሻገራሉ። የምድር ባቡር ወዛደሮች «ፉርጎዎቹ መጡ!» እያሉ ይስቁባቸዋል። ከዚያ ሰልፍ ግን አንዲት ሴት እንኳ ወድቃ አታውቅም።

ሳህሌ የፋብሪካው በያጅ ነው፤ ሚስቱ የሺሐረግም ከሰልፈኞቹ አንዷ ናት። ቀበሌው ለአራተኛው የአብዮት በዓል ድልድዩ የብረት መደገፊያ እንዲሠራለት ሲወስን ሥራውን የተቀበለው በደስታ ነበር። ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን የመበየጃው ኤሌክትሮድ አለቀበት። ድልድዩ መሐል ላይ፣ ወደ ፋብሪካው ሲኬድ በስተቀኝ በኩል፣ ስድስት ሜትር ያህል ቱቦ ሳይበየድ ቀረ።

«በሽቦ እሰረው» አለው የቀበሌው ሊቀመንበር ሮሪሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሽቦ ሰው አይችልም።»

«ሰው ይቻል መች አልኩህ? በዓሉን ይቁም ነው ያልኩህ። ኤሌክትሮዱ በሳምንቱ ይመጣል።»

አሰረው። በላዩ ቀይ ቀለም ተቀባ። ከደረቀ በኋላ የታሰረውን ከተበየደው ሳህሌ ራሱ ካልነቀነቀው በስተቀር አይለየውም ነበር።

ሪባን ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ሳምንቱ አልፎ ሁለተኛው ተጀመረ። ኤሌክትሮድ የለም። ሳህሌ ለሁለተኛ ጊዜ ቀበሌ ሲሄድ ሮሪሳ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ስማኝ፤ ተመርቋል። አልቋል ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ። አሁን አልተበየደም ከተባለ፣ ያልበየደው ማነው? አንተ ነህ። ይሄን ደግሞ ምን እንደሚሉት አታጣውም።»

አላጣውም። አሻጥር ነው የሚሉት። የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አምና በአሻጥር ተይዞ ነበር፤ አንድ ቀን እስር ቤት የወሰዱለት ስንቅ ሳይበላ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ስንቅ መቋጠር ተወች።

ሳህሌ ለየሺሐረግ ብቻ ነገራት።

ሴቶቹ ነጠላ መያያዝ ትተው ነበር። አሁን ሲሄዱም ሲመለሱም በዚያው በኩል ተሰልፈው፣ መደገፊያውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እያወጉና እየተጋፉ ይሄዳሉ። የሺሐረግ ብቻ መሐሉን አልለቅ አለች።

አንድ ምሽት ዝናብ እያንጠፈጠፈች ገባች፤ ነጠላዋንም ሳትጨምቅ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ያዝኩት» አለችው።

«ምኑን?»

«መደገፊያውን። ያቺ አፈኛ አደሴ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹የሺዬ፣ የባልሽን እጅ ሥራ አታምኚውም እንዴ?› ብላ አሳቀችብኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ምን ልበል? ያዝኩት።»

«ተነቃነቀ?»

«እንደ ልጅ ጥርስ።»

ሳህሌ ተነስቶ ፒንሳውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አወጣ።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ ሳህሌ ፒንሳውን ይዞ ወጣ። ጉም ወንዙን ሸፍኖታል፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሽቦውን እየቆረጠ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ወደ መንገዱ አወረደ። የመጨረሻውን ሲያጋድም የአብዮት ጥበቃው ደርዊሽ ጠመንጃውን አንግቶ ደረሰ። ጎረቤቱ ነው።

«ጋሽ ሳህሌ! አብደሃል?»

«አየኸው፣ ሽቦ ነው።»

ደርዊሽ የተቆረጠውን ሽቦ በጫማው ገፋ አደረገው። ግራ ቀኙን አየ። «ሂድ ቤትህ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ አላየሁህም። ሮሪሳ አሁን ይመጣል፤ በፈጠረህ ሂድ።»

«ሴቶቹ ሳያልፉ እንዴት እሄዳለሁ? እየዳሰሱ ነው የሚመጡት። በዚህ ጉም ባዶውን ይደገፉታል።»

ደርዊሽ ራሱን ነቅንቆ ወደ ቀበሌው በኩል ሄደ፤ እየሮጠ አልነበረም።

ሴቶቹ ድልድዩ ላይ ሲወጡ ሳቃቸው ቀድሞ ተሰማ። ሳህሌ ክፍተቱ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ቁሙ! መደገፊያ የለም! መሐሉን ያዙ!»

ሳቁ ቆመ። እትዬ አሰጋሽ ቀረብ ብላ ክፍተቱን፣ ከዚያ ፒንሳውን፣ ከዚያ እሱን አየች። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ኋላ ወርወር አድርጋ «ያዙ» አለች።

«በዚህ ውኃ ሙላት ይነቅላል እንዴ!» አለች አደሴ። «አሻጥረኛ! እጅህ ይቆረጥ!» ነጠላውን ግን ያዘች።

የሺሐረግ ሰባተኛ ነበረች። ፊቷን ወደ እሱ ሳታዞር የፊተኛዋን ነጠላ ጨብጣ አለፈች።

ሮሪሳ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ደረሰና የሳህሌን ክንድ ያዘ። «ያዝንህ! የአብዮቱን ንብረት! ና ውረድ!»

«ትንሽ ቆይ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ሳህሌ፣ ዓይኑን ከጉሙ ሳያነሳ። «አምስት ቀርተዋል።»

የመጨረሻዋ ሴት እግር ከድልድዩ ወደ ጭቃው ሲወርድ ሰማና እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰጣቸው። ከታጣቂዎቹ አንዱ የሚያስርበት ሲፈልግ ቆየ፤ ከመሬት ያነሳው ያንኑ ሽቦ ነበር።