የብረት ቂም

ረዳት ፕሮፌሰር ሴኖ ጠዋት ወደ ቤተ ሙከራው የገባው ዜሮን ፎቶ ሊያነሳ ነበር። ከሰዓት በኋላ መምህሩ ፕሮፌሰር ኩዋባራ የመሰናበቻ ትምህርታቸውን ይሰጣሉ፤ በሰንዳይ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ደንቡ ነው፣ ጡረታ የሚወጣ መምህር የድሮ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አንዴ ያስተምርና ይሄዳል። «ትልቁ ኤሌክትሮማግኔት ጠፍቶ የመግነጢስ መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ አንድ ፎቶ አምጣልኝ፤ ሰው አይቶ ይደነቅ» ብለውታል።

መለኪያው ዜሮ አላሳየም።

ሰው የሚደነቅበት ነገር ይኼ ነው፦ ከፀጉር ብዙ ሺህ ጊዜ በቀጠነ የብረታ ብረት ድርብርብ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ፣ በታችኛው ንጣፍ የሚሄዱት ኤሌክትሮኖች እንደ እሽክርክሪታቸው ይለያያሉ፤ ገሚሶቹ ወደ ላይ ወጥተው የላይኛውን መግነጢስ ይጠመዝዙታል። መጠምዘዙንስ ይጠመዝዙታል፤ በየት በኩል እንደሚገለበጥ የሚነግረው ግን ሌላ መግነጢስ ከውጭ ያስፈልጋል። ሴኖ በታኅሣሥ «ያለ ውጭ እርዳታ ገለበጥኩት» አለ። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈለጉት ነበር።

አሁን ገባው። ትልቁ ኤሌክትሮማግኔት ቢጠፋም መሀሉ ያለው ብረት ቂመኛ ነው፤ የተሳበበትን አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ቂሙን የሚተወው ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ ኃይሉን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ሲያባብሉት ነው። ይኼን በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች የሚያስተምረው ማን ሆነና? ራሱ ሴኖ። በታኅሣሥ ግን ቸኩሎ ማጥፊያውን ተጫነና ለካ፤ ለላይኛው መግነጢስ አቅጣጫውን የነገረው የብረቱ ቂም ነበር።

ብረቱን እንደ ደንቡ አባብሎ ደገመው። የላይኛው መግነጢስ እንደ ሰካራም አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ወደቀ።

መምህሩን ኮሪደር ላይ አገኛቸው፤ ባለቤታቸው ከረባት እያስተካከሉላቸው ነበር።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት...»

«በኋላ፣ በኋላ! አሁን ታስለቅሰኛለህ።»

ሊሰናበታቸው የመጣ መስሏቸዋል። ሴኖ እፎይ አለ፤ እፎይ በማለቱም አፈረ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የታኅሣሡ ውጤት በስክሪኑ ላይ ሲወጣ ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ኦማቺ ተነሳች። ተማሪ ሳለች ይኼንኑ ውጤት ይዛ መጥታ፣ መምህሩ በሰው ፊት «ብረቱን ሳታባብይ ነው የመጣሽው?» ብለው አሳፍረዋት ነበር፤ በዚያው ትምህርቷን ትታ ፋብሪካ ገባች።

«ይቅርታ መምህር፣ ያኔ የጠየቁኝን ልጠይቅ፤ ብረቱ ተባብሎ ነበር?»

ሰው ሳቀ። መምህሩም ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ እስካሁን አልረሳሽውም! ሴኖ እንዳንቺ ችኩል አይደለም። ሴኖ፣ ንገራት እስቲ።»

ድምፅ ማጉያው እጁ ገባ።

«አዎ፣ ተባብሏል» አለ። ቃሉ ሳያስበው ቀደመው።

ኦማቺ እጅ ነሳች። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ» ብላ አንገቷ ድረስ ቀልታ ተቀመጠች። ብታጉረመርም ኖሮ ሴኖ ይችለው ነበር።

«ዋሸሁ» አለ ሴኖ፤ ድምፅ ማጉያው ገና እጁ ላይ ነበር። «አላባበልኩትም። ጠዋት ነው ያወቅሁት። ውጤቱ ውሸት ነው። እሷ ልክ ናት።»

መምህሩ ስክሪኑን አጠፉ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጎንና ጎን ገጥመው ከወገባቸው ጎነበሱ።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቢሰድቡት ምን ነበረበት!

መድረክ መሪው የሚያደርገው ጠፋው። ፕሮግራሙን አየ፤ ፕሮግራም ፕሮግራም ነውና አነበበው፦ «ቀጥሎ ረዳት ፕሮፌሰር ሴኖ ለመምህራቸው አበባ ያበረክታሉ።»

ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት እቅፍ አበባውን አስታቀፈችው። ወደ መድረኩ ያለው መንገድ ያን ያህል አይርቅም ነበር፤ ዛሬ ግን አላልቅ አለው። አበባውን ዘርግቶ ጎነበሰ። መምህሩም ተቀብለው ጎነበሱ። እሳቸው ቀና ሳይሉ እሱ ቀና ሊል አይችልም፤ እሳቸው ደግሞ እሱ ቀና እስኪል ጠበቁ። አበባው በሁለቱ ራሶች መሀል ይጨመቅ ጀመር።

«ኧረ ቀና በሉ!» አሉ ባለቤታቸው ከፊት ወንበር። «የባለቤቴ ወገብ ከነገ ጀምሮ የእኔ ጣጣ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ቀና ብለው የሴኖን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

ሴኖ ግን ቀና አላለም።