የመከላከያ ወተት

ከፀዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሳሙና ፋብሪካ የሠራተኛ ሳንባ የሚጠበቀው በወተት ነው። ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ከጆንያ ወደ በርሜል ሲገለበጥ ብናኙ ዓይን ይለበልባል፣ ጉሮሮ ይልጣል፤ ፋብሪካው በቀን አንድ አንድ ብርጭቆ ወተት ያድላል። ወተቱ በየት ዞሮ ሳንባ እንደሚደርስ የጠየቀ የለም። ጭንብል የጠየቁ ግን ነበሩ፤ "ወተት እየጠጣችሁ ደግሞ ጭንብል?" ተብለው ተመለሱ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ወተቱ ጠዋት ይቀዳል፣ ማንም አይነካውም፣ ማታ ለዘበኛው ውሻ ይሰጣል። የውሻው ሳንባ ሸጋ ሳይሆን አይቀርም።

ዝናሽ ኮስቲክ እየገለበጠች በርሜሉ አፍ ላይ መቆም ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ሳሉ ሲበረታባት ሐኪም "ከብናኝ ትራቅ" ብሎ ጻፈላት። ወረቀቱን ይዛ፣ ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛውሩኝ ልትል፣ አስተዳዳሪው አቶ መለሰ ዘንድ ገባች። እሱ ደግሞ ሌላ ወረቀት አወጣላት፦ "የቀረበልኝን የመከላከያ ወተት በራሴ ፈቃድ አለመጠጣቴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።"

"ነገ ከሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ካልፈረምሽ ዝውውር የለም።"

"ከፈረምሁ ሳሉ የራሴ ጥፋት ሊሆን ነዋ!"

"አትጠጪ ያለሽ አለ?"

"ምነው አቶ መለሰ፣ እርስዎስ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው በርሜሉ አጠገብ ቢቆሙ?"

"እኔማ ጾመኛ ነኝ!" አለ ተቆጥቶ።

ለዚያው ፊርማ ተጠርተው ከኋላዋ የተሰለፉት ሠራተኞች በሳቅ ፈነዱ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ።

ዝናሽ እስክሪብቶውን አነሣች። ከታተመው ሥር፣ "ያልጠጣሁት ስለምጾም ነው። ጭንብል ግን በፍስኩም በጾሙም ተሰጥቶኝ አያውቅም" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

"ቅጹን አበላሸሽው እኮ!"

"ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምሁ።"

ቀጥሎ አያ ቢያዝን ነበሩ፤ ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ ኮስቲክ በባዶ እጃቸው የሚያፍሱ ሽማግሌ።

"ለእኔም ያንኑ ጻፊልኝ ልጄ፤ እኔ የምፈርመው በጣት ነው።"

ጻፈችላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑ። ሲያነሡት አንድም መስመር የሌለባት ሰማያዊ ክብ ብቻ ታየች።

"ይሄ አሻራ አይደለም፤ ይድገሙ" አለ አቶ መለሰ።

ደገሙ። ያው ሆነ።

"እንግዲህ አሻራዬን ከበርሜሉ ውስጥ ፈልገው" አሉት።

ዝናሽ ሁለቱን ወረቀቶች አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። "እነዚህን ለተቆጣጣሪው የምሰጠው እኔ ነኝ።"

አቶ መለሰ ሊነጥቃት ከወንበሩ ተነሣ። ሰልፉ ግን በመካከላቸው ገብቶ ቆሞ ነበር፤ እየሳለ።