የገለኔ የሕይወት ታሪክ

መቱ ውስጥ ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው ወንድይራድ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጽፏል፤ የጻፈው ግን ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ሰው ነው። ሟች ሁሉ «ሰው አክባሪ፣ ታታሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ነበር። ሰፈሩን ሲያውክ የኖረ ሰካራም እንኳ በእሱ ብዕር ታጥቦ ነው የተቀበረው።

ሚስቱ ገለኔ ግን የራሷን በቁሟ አነበበችው። ጉበቷን ታማ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ከመለሷት ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። መድኃኒቷን ስትፈልግ ከባሏ ኮት ኪስ አገኘችው። ትቆጣለች ብሎ ተሸማቀቀ።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለችው ወረቀቱን እያርገበገበች። «ይሄ የእትዬ ሻሽቱ ነው። ስሟን አውጥተህ የኔን ከተትክበት።»

«አጻጻፉ እንዲህ ነው፣ ገለኔ።»

«ዲሲ! ተወኝ እስቲ! በሰው ታሪክ አልቀበርም። እኔን ጻፈኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድይራድ በገዛ ቤቱ እስረኛ ሆነ። ጠዋት መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ትጠብቀዋለች። «ገለኔ» ብሎ ሲጀምር እጁ ሳያስፈቅደው «ሰው አክባሪ» ይላል። ይሰርዛል። «ታታሪ» ይላል። ይሰርዛል። እሷ ደግሞ በየቀኑ እየመነመነች ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሯት ኖሮ ስለ እሷ የሚለው ማጣቱ አሳፈረው፤ ቆይቶም አስፈራው።

በስድስተኛው ቀን አንዲት መስመር ይዞ ቀረበ። «ገለኔ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች» ብሎ አነበበላት።

«ይቺስ እኔ ነኝ» አለች። «ለምን እንደምሸፍንስ?»

አያውቅም። ጠይቋትም አያውቅም።

«የመልሳችን ዕለት፣ ጎሬ እናቴ ቤት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ‹ድዷ ከጥርሷ ይበልጣል› ብለህ አሳቅክብኝ። ከዚያ ወዲህ ነው።»

እሱ ትዝ እንኳ አላለውም።

«ጻፈው» አለችው። «ስታነበውም ሳትቀባባ አንብበው።»

ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች።

ለቀስተኛው መቃብሩን ከብቦ የለመደውን ሲጠብቅ፣ ወንድይራድ ቀና ሳይል እሷ እንደነገረችው አነበበ። ያን ቀን ማን እንዳሳቀባትም የገዛ ስሙን ጠርቶ ተናገረ። እህቷ ዱሬቲ ከሰዉ መሃል «እውነት ነው» አለች። ሰዉ ቀሪውን እስኪያነብ ቆሞ ጠበቀው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሌላ የተጻፈ ነገር አልነበረም።