የዶክተር ራዊያ የሹመት ድግስ

በ2001 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጀመሪያ ላይ ዶክተር ራዊያ ታሂር የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆና ተሾመች። ዜናው በሬዲዮ የተነገረው ቀትር ላይ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በቆቦ ገበያ ያልሰማ ሰው አልተገኘም። በማግሥቱ በጎረቤት ከተማ በጎብዬ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ከእርሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደተማሩ ያወሩ ጀመር። የሌላዋ ጎረቤት ከተማ የዋጃ ሰዎች በበኩላቸው እናቷ የዋጃ ልጅ ነበረችና ሹመቱ የእኛ ነው ብለው ተከራከሩ። ሰው ሲከብር ዘመዱ ይበዛል፤ ራዊያ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች እንጂ አልገረማትም።

ከሁሉ ይልቅ የኮሩት አባቷ ታሂር ናቸው። ታሂር ከአፋር በኩል በሚመጣ ጨው ሲነግዱ የኖሩ፣ ቃላቸው እንደ ሚዛናቸው የታመነ የቆቦ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ በልጃቸው ምክንያት ብዙ ዓመት ተቀልዶባቸዋል። ራዊያ ጎብዬ ላይ የጤና መኮንን ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ኤፒዲሚዮሎጂ ልትማር ስትነሣ፣ አባቷ የትምህርቱን ስም መያዝ አቅቷቸው ምን እንደሆነ ጠየቋት።

“በሽታ ከየት እንደተነሣ፣ በማን በኩል እንዳለፈ፣ ወዴት እንደሚያመራ መከታተል ነው፣ አባባ” አለቻቸው።

ታሂር ይህንኑ ለገበያው ነገሩ። ገበያው ደግሞ ለነገር አያንስምና “ታሂር ልጁን የበሽታ እረኛ አደረጋት” ተባለ። “መርፌ አትወጋ፣ ክኒን አትሰጥ፣ እንዲያው ከኋላ ከኋላው ትሄዳለች” እያሉ ሳቁባቸው። እርሳቸው ጨዋቸውን መስፈር ቀጠሉ።

ሳቁ ጋብ ያለው ወባ ቆላውን ባጠቃበት ዓመት ነው። አጎበር በየቤቱ ተሰቅሎ ሳለ ወንዶቹ ለምን እንደሚታመሙ የገባው ባለሙያ አልነበረም። ራዊያ ግን የአገሯ ልጅ ናትና ማሽላ ሲያሽት ወንዱ ሁሉ ወፍና አውሬ ሊጠብቅ ማሳው ውስጥ ማማ ላይ እንደሚያድር ታውቃለች። አጎበሩ ከቤት ወጥቶ ማማው ላይ እንዲሰቀል ያደረገችው እርሷ ናት። ስለዚሁ የጻፈችው ጥናት ስሟን ከአገር ውጭ አደረሰው። ከዚያ ወዲህ አስተማሪ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ዲን ሆነች፤ በየደረጃው የወጣችው ማንንም ሳትገፋ ነው።

እንግዲህ ታሂር ይደግሱ ዘንድ ተገቢ ነበር። ድግሱን የመራው የቅሬው ዳኛ አቶ ካሳው ነው። ቅሬ በወሎ ምድር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት የሚቀብርበት፣ የሚያስተዛዝንበት፣ በደስታም ቀን የሚረዳዳበት ማኅበር ነው። ካሳው ቀን ሲመርጥ እንደ ሊቅ ተጠበበ። የሐዋርያት ጾም ያለፈበትን፣ ፍልሰታ ያልገባበትን፣ ረመዳንም ገና የራቀበትን እሑድ አገኘ። ለሁለቱ ወገን ሁለት ሰንጋ ተገዛ፤ አንዱን ሙስሊም፣ አንዱን ክርስቲያን ባረከው። ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ሆነ፤ ዳሱ ግን አንድ ነበር።

ራዊያ እሑድ ረፋድ ላይ ስትደርስ እልልታው እስከ አውራ ጎዳናው ተሰማ። ባጃጅ የሚነዱት እንኳ ጥሩምባቸውን እየነፉ አጀቧት። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ጉንጯን ሳሟት፤ ካሳውም ጋቢውን እያስተካከለ ፊቷ ቆመ።

“ፕሬዚዳንት ማለት እኛ የምናውቀው ታንክ ያለውን ነው። ያንች ታንክ የት አለ?”

“ነዳጅ አልቆበት ጎብዬ ላይ ቀረ፣ አያ ካሳው” አለችው።

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ታሂር ግን አልሳቁም፤ ልጃቸውን ዓይን ዓይኗን እያዩ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር።

ራዊያ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ለተማሪዎቿ ዘወትር የምትነግራቸው አንድ ነገር ነበራት፦ ወደ አንድ መንደር ስትገቡ ከመጣው ሰው ይልቅ የቀረውን ፈልጉ። ይህ ልማድ በደስታዋም ቀን አልተዋትም። በዳሱ ውስጥ እያንዳንዱ ጎጥ በቅሬው ሥርዓት የየራሱ መቀመጫ ነበረው። በስተግራ በኩል ለታችኛው ጎጥ የተነጠፈው ሰሌን ባዶውን ነው።

“አያ ካሳው፣ የታችኛው ጎጥ ሰዎች የት ቀሩ?”

“ጎርፍ ወርዶላቸው ነው። ውሃ ሲመጣ ድግስ አይጠበቅም፤ መቼም ታውቂው የለ።”

ምክንያቱ በራያ ቆላ የተከበረ ነው። በክረምት ተራራው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ እየተጠለፈ ወደ ማሳ ይገባል፤ በተራው ያልተገኘ ገበሬ የዓመት እህሉን ያጣል። ለዚህ ተብሎ ከሠርግም ከለቅሶም ቢቀር ማንም አይቀየምም። ካሳው ይህን ምክንያት የመረጠውም ስለዚህ ነበር።

“ከየትኛው ወንዝ?” አለች ራዊያ በለሰለሰ ድምፅ።

“ከሆርማት ነዋ!”

“የዘንድሮ ዝናብ ዘግይቷል። ጠዋት ከመንገድ ያየሁት ወንዝ ሁሉ አሸዋ ነው። ሆርማት ላይ ሴቶቹ አሸዋውን እየቆፈሩ በጣሳ ሲቀዱ አይቻለሁ።”

ካሳው ሳቅ ሞከረው። “ኧረ በማርያም! አንች ደግሞ በድግስሽም ቀን ታፈላልጊያለሽ? ተይ፣ ትንሽ ተጫወች።”

አላፈላለገችውም። ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። የአባቷ እኅት ኡሙሃኒ ከእንስራዎቹ አጠገብ ቆመው ቀሪቦ ያስቀዱ ነበር። ቀሪቦ ከገብስ የሚጠመቅ፣ የማያሰክር መጠጥ ስለሆነ የሁለቱም ወገን ነው። ኡሙሃኒ የወንድማቸውን ልጅ ፊት ባዩ ጊዜ ጣሳውን አስቀመጡ።

“እታባ፣ የታችኛው ጎጥ ምን ሆነ?”

“አብሽሪ ልጄ። ነገ ይነገርሻል።”

“ነገ የሚነገረኝ ነገር ዛሬም አለ ማለት ነው።”

ኡሙሃኒ ዓይናቸውን ወደ ዳሱ አደረጉ፤ ማንም እንዳልሰማቸው ሲያረጋግጡ ነገሩን ለቀቁት።

“ደመቀችን ታውቂያታለሽ፣ ጠማቂዋን? ዓርብ መጥታ ይህን ሁሉ ቀሪቦ በእጇ አሰናዳች፤ የእንጀራውንም ሊጥ አቦካች። ቅዳሜ እያስመለሳት፣ እያስቀመጣት፣ በሰው ተደግፋ ቤቷ ገባች። እሷ ብቻም አይደለችም፤ ጎጡ ውስጥ ብዙ ሰው ተኝቷል። ጉድጓዱ ሲደርቅ ከኩሬ ነው የሚጠጡት።”

“የሞተ አለ?”

“አንዲት ባልቴት። ትናንት ተቀበረች።” ኡሙሃኒ ድምፃቸው ወረደ። “ጥሩምባ አልተነፋም።”

ራዊያ የእንስራውን አፍ ይዛ ቆመች። በቅሬ አገር ሰው ሞቶ ጥሩምባ ሳይነፋ ሊቀበር ቀርቶ፣ ጥሩምባውን ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፤ ቢደጋግም ከቅሬው ይወጣና ቀባሪ ያጣል። ያን ሥርዓት ያፈረሱት ለማን ብለው እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም።

“ካሳው ነው እንዲህ ያዘዘው?”

“ካሳውን አትቀየሚው። እነሱው ናቸው የለመኑት። ‘የልጃችን የክብር ቀን በለቅሶ አይደፍረስ፤ እኛ ሐዘናችንን ሰኞ እናወጣዋለን’ አሉ። አንችን ለማክበር ነው፣ ልጄ። ወላሂ፣ አንችን ለማክበር ነው።”

በሽታን ስትከታተል ዘመኗን የፈጀችውን ሴት ሊያከብሩ በሽታ ደበቋት። ከእነርሱ በቀር እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሳሳት ሰው አይኖርም። ተቆጣቻቸውም፣ ወደደቻቸውም። ኡሙሃኒን ቀሪቦው እንዳይወጣ፣ እንጀራውም እንዳይነሣ አዘዘችና አባቷን ወደ ጓሮ አስጠራች።

ታሂር የልጃቸውን ቃል ቆመው ሰሙ። ሲያበቃ የጓሮውን ዛፍ ግንድ ይዘው ተቀመጡ።

“የታመመ እንዳለ ሰምቻለሁ። ይህን ያህል መሆኑን ግን አላህ ያውቃል፣ አላወቅሁም።”

“እንግዶቹ ሳይበሉ መበተን አለባቸው፣ አባባ።”

“ምን አልሽ?” ታሂር ተነሡ። “ከጎብዬ የጠራሁት፣ ከዋጃ የጠራሁት ሰው ተቀምጧል። ወጡ እየሸተተው አፉን ሳያብስ ልመልሰው? ሰው ምን ይለኛል? ‘ታሂር ልጁ ስትሾም እጁ አጠረ’ ነው የሚለኝ። መቃብሬ ድረስ ይከተለኛል!”

ራዊያ የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ብትጠራ፣ ጽሕፈት ቤቱ ፖሊስ ቢጠራ፣ ዳሱ ባንድ አፍታ ይበተናል። ሥልጣን አላት። ነገር ግን እንግዳው የአባቷ ነው፤ የጠራ ሰው ካለ የሚያሰናብተውም እርሱ ራሱ ነው። እርሷ ብትናገር የእርሳቸው ቤት በልጃቸው አፍ ተዘጋ ይባላል። ይህንንም ታውቃለች፤ ያንንም ታውቃለች።

“ይህን ቀሪቦ የቀመሰ ሁሉ ይታመማል አልልዎትም” አለች፤ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነች። “አይታመምም ማለትም አልችልም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ዛሬ እዚህ የሚይዘው ሰው ማታ ጎብዬም ዋጃም ይገባል፤ በሽታው ከአንድ ጎጥ ወጥቶ አውራ ጎዳናውን ይይዛል። ወረዳውን አልጠራሁም። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ቃሉንም እርስዎ ይናገሩት።”

“እምቢ ብልስ?”

“እምቢ አይሉም።”

“በምን አወቅሽ?”

“እስከ ዛሬ ጨው አጉድለው ሰፍረው አያውቁም። ዛሬ በሰው ነፍስ አያጎድሉም።”

ታሂር ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሕፃን ሳለች እንዲህ አድርገው ያዩዋት ትዝ አላት፤ በጠና ታማ ከሞት የተረፈች ቀን ነበር። ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ጀርባቸውን አቅንተው ወደ ዳሱ ገቡ። እርሷ ከኋላቸው ተከተለች። በአባቷ እንደዚያን ጊዜ ኮርታ አታውቅም።

“ወገኖቼ፣ ስሙኝ” አሉ ታሂር፤ ጫጫታው ረጋ። “የጠራኋችሁ ላበላችሁ ነበር። አላበላችሁም። ታችኛው ጎጥ ሰው በጠና ታሟል፤ መጠጡንም ሊጡንም ያሰናዳው እጅ የታመመች ሴት እጅ ነው። የሞተም አለ፤ እኛም ጥሩምባ ሳንነፋ ቀብረናል። ከዚህ ዳስ የሚቀመስ ነገር የለም። ዳሱ ግን አይፈርስም፤ የታመሙት ይመጡበታል። ነውሩ የኔ ነው፤ ውሰዱት፣ በየገበያው አውሩት።”

ካሳው አንገቱን እንደ ደፋ ተነሣ፤ የቅሬውን ጥሩምባ ነፊ በእጁ ጠራው። ጥሩምባው ለባልቴቷ በዚያ ቀትር ተነፋ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተነሥቶ ቆመ።

ከዋጃ የመጡ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “ታሂር፣ ሰው በልቶ ነው ጋባዡን የሚያማው። ሳንበላ ያመሰገንነው ሰው ቢኖር አንተ ብቻ ነህ።”

ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ። ከዚያ በኋላ ራዊያ ማንንም መለመን አላስፈለጋትም። ወንዶቹ አልጋ ተሸክመው ወደ ታችኛው ጎጥ ወረዱ። ለወጥ የተጣዱት ትልልቅ ድስቶች ተጠርገው ውሃ ተጣደባቸው። ሰሌኖቹ ተነሥተው የታመመና አስታማሚ የሚለይበት ገመድ ተወጠረ። እጅ መታጠቢያው በዳሱ በር ላይ ሆነ፤ ካሳው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ሳይታጠብ ልግባ ያለውን ሁሉ “የቅሬ ቅጣት አለብህ!” እያለ ያስፈራራ ነበር። ራዊያ ያስጠራቻቸው የወረዳው ሐኪሞች ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ግሉኮስ ይዘው ሲደርሱ ዳሱ ተሰናድቶ ጠበቃቸው። በመጀመሪያው አልጋ የመጣችው ደመቀች ናት፤ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ነገር ግን ራዊያን ስታይ “እልል ማለት አቃተኝ እንጂ...” አለቻት።

ታሂር ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው እየሄዱ ጣሳ ያቀብሉ ነበር። የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ያቆሙታል፤ ልጃቸውን በአገጫቸው እያሳዩ “ያች የኔ ናት” ይላሉ። ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ ረስተውታል፤ የሚያስታውሳቸውም አልተገኘም።

ወደ ማምሻው ላይ ካሳው ወደ ራዊያ ቀረበ። እጁ በሳሙና ብዛት ነጥቷል።

“ነገ ሰኞ የሹመትሽ በዓል አይደል? ትላልቆቹ ሰዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ሲሉ ሰማሁ። መኪናውን መቼ ላስነሣልሽ?”

ራዊያ ስልኳን አውጥታ የጤና ሳይንስ ኮሌጁን ዲን፣ ዶክተር አለሙን፣ ጠራች። ካሳውም፣ ታሂርም፣ በአጠገቧ ያሉት ሁሉ ይሰሙ ነበር።

“ዶክተር አለሙ፣ የሰኞው የርክክብ ሥነ ሥርዓት ተሰርዟል። የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪዎች የመስክ ትምህርት ከነገ ጀምሮ ቆቦ ይሆናል። እኔም እዚሁ አስተምራለሁ።”